የአሥራ ሰባተኛው ፎቅ ተኚዎች

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በደሴ ከተማ የሚሠራ ሊፍት አልነበረም። የመጨረሻው ከተነቀለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ሲወጣና ሲወርድበት የነበረው ጉድጓድም በየፎቁ ወለል ተነጥፎለት የልብስ ማስጫ ሆኗል። ከጦሳ ተራራ ሥር እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ተደርድረው በቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ ወጣቶቹ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ደግሞ ከዘጠነኛው ወደ ላይ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ተናጋሪውን አፉ ያዳለጠው ይመስለዋል። ለደሴ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የወጣቶቹ ጡንቻ ገና አልታደሰም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ሥራ ይበዛበታል። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰዎች ዳቦ፣ ወተትና የጎመን እስር ይዘው ሽቅብ ሲገሠግሡ፣ ወጣቶቹ በየመታጠፊያው ግድግዳ ተደግፈው እያለከለኩ መንገድ ይለቃሉ። "አይዞሽ ልጄ፣ ስልሳ ሲሞላሽ ይለቅሻል" ትላለች አንዷ አሮጊት ስታልፍ፤ ወጣቷ ፈገግ ለማለት እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል።

በዚያ ዘመን "እድሳት" ሲባል መታወቂያ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ስልሳ ዓመት የሞላው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ወደ ጡንቻ ጣቢያ ይሄዳል። ጭኑ በማሽን በሺህ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም መቀስቀሻ የሚባለውን መድኃኒት ይወጋል። በጡንቻው ክሮች ጎን፣ ከሽፋናቸው ሥር ተሸሽገው የሚኖሩት ግንደ ሕዋሳት፣ ሕዝቡ "ተኚዎቹ" የሚላቸው፣ ይነቃሉ፤ ይባዛሉ፤ ተጣምረውም አዲስ ክር ይሆናሉ። በአርባኛው ቀን ባለጡንቻው ከምድር እስከ ቤቱ በር በአሥር ደቂቃ ይወጣል። ከወጣ ዓመቱን በቤቱ ይኖራል። ካልወጣ ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ሜዳው በቦርከና ወንዝ ዳር የተሠራ የምድር ቤቶች ሰፈር ነው። ጓሮ አለው፣ ጥላ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ አለው። ከወረዱት ሰዎች መካከል ተመልሶ የወጣ አልታየም። ማንም አልከለከላቸውም፤ የከለከላቸው ደረጃው ነው።

ወይዘሮ ሶሊያና ክንፈ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመሩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እሳቸው በተወለዱበት ዘመን ሶሊያና እና ናሆም የሕፃናት ስሞች ነበሩ፤ አሁን የአያቶች ስሞች ሆነው፣ አድማሱና የሺመቤት ወደ ጎልማሶቹና ወደ ልጆቹ ዞረዋል። ወይዘሮ ሶሊያና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ መስመር ቀያሽ ነበሩ፤ ከጦሳ በእግራቸው ያልረገጡት ቦታ የለም።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ወይዘሮ ኢክራም ሁሴን ናቸው። ወይዘሮ ኢክራም እግራቸው እንደ ፍየል ነው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ ጡንቻን ያደሰው ዘመን ለዓይን ገና አልደረሰለትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ወይዘሮ ሶሊያናም ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ የወይዘሮ ኢክራም እጅ በወይዘሮ ሶሊያና ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ገበያም ሆነ ለቅሶ እንዲሁ ይደርሳሉ። አንደኛዋ ወደ ሜዳው ብትወርድ ሁለተኛዋ ሦስት መቶ ሰባ አራት ደረጃ በማን ትከሻ እንደምትወርድ ተነጋግረውበት አያውቁም፤ ሁለቱም ያውቁታልና።

የዚያ ዓመት እድሳት ለወይዘሮ ሶሊያና የዋለው እንደ ሌላው ዓመት በፍስክ ሳይሆን በጾም፣ ሰኞ ቀን፣ ሑዳዴ በገባ በስምንተኛው ቀን ነበር። የተቀበለቻቸው የሺመቤት አበራ የምትባል የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ በመዝገብ ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን "ቀስቃሽ" ይላታል።

"እንደምን አደሩ እማማ ሶሊያና? ዘንድሮም በእግርዎ መጡ?"

"በምን ልምጣልሽ? በእጄ?"

የሺመቤት ሳቀችና መጠይቁን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ድምፅ መዝጋቢ ሣጥን መብራቱን አበራ። እንቅልፍ እንዴት ነው? ሕመም አለ? የሚወስዱት መድኃኒትስ? ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደረሱ።

"ጾመኛ ነዎት?"

ወይዘሮ ሶሊያና እንደ ልጃገረድ አፈሩ። "ኧረ የትኛዋ ጾመኛ። እኔ ምን ጾም አለኝ ብለሽ ነው" አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ሣጥኑ "አይደሉም" ብሎ መዘገበ።

ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጾም ተኚዎቹ የሚነቁበትን ጊዜ ያዘገያል፤ የሚጾም ሰው እድሳቱ እስኪፈስክ መቆየት አለበት። ነገር ግን "በዚህ ሰሞን እየጾሙ ነው?" ብሎ መጻፍ ሲችል "ጾመኛ ነዎት?" ብሎ ጻፈ። ጾመኛ ማዕረግ ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ ይናገረዋል እንጂ ስለ ራሱ አይናገረውም። ወይዘሮ ሶሊያና ሲያመሰግኗቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ምስጋናውን መለሱት። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ነበር፤ ከትናንት ማታ ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

በማግስቱ ያው ጥያቄ ለወይዘሮ ኢክራም ቀረበ። "ረመዳን አይደለም እንዴ? ማን የማይጾም አለ?" አሉ፤ እድሳታቸው ከዒድ በኋላ ሆነ። ወይዘሮ ሶሊያና የተራ ጉዳይ ነው ብለው አላሰቡበትም።

እግራቸው ግን አልዳነም። ሌላ ዓመት ሳምንት ሳይሞላ ይለቃቸው የነበረው ሕመም ሁለት ሳምንት አለፈው። አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ለመድረስ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ወይዘሮ ኢክራምም ከኋላ ትከሻቸውን ይዘው፣ እንዳይከብዷቸው እጃቸውን እንደ ላባ አቅልለው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ አዘገሙ።

አሥራ አንደኛው ላይ አቶ ናሆም ደረሱባቸው። አቶ ናሆም የአሥራ አራተኛው ፎቅ ነዋሪ ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድርብ መቀስቀሻ ከወሰዱ ወዲህ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ፣ እያፏጩ ይወጣሉ፤ ሕፃናት ለማየት በር ይከፍታሉ።

"እትዬ ሶሊያና፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎ ወይስ እርስዎን ልዘልዎ?"

"ራስህን እዘል። እሱም ይከብድሃል አንድ ቀን።"

አቶ ናሆም እየሳቁ አለፉ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ምርመራ፣ በመፃጉዕ ሳምንት፣ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ስንጥቆቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ተኚዎቹ ከተኙበት አልተንቀሳቀሱም።

"አልነቁም" አሉ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር አድማሱ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። "በዚህ አያያዝ በአርባኛው ቀን አይወጡም። ድርብ መቀስቀሻ እናድርግልዎት። ለሐሙስ ሳምንት ተራ አለ።"

"ድርቡ ምን ያደርጋል?"

"ሁሉንም ይቀሰቅሳል። አንድም አይቀርም።"

"በሌላው ጊዜስ?"

"በሌላው ጊዜ ግማሾቹ ሥራ ይገባሉ፤ የቀሩት ተመልሰው ይተኛሉ፣ ለሚመጣው ዓመት። በድርቡ ተመልሶ የሚተኛ የለም። ስለዚህ እግርዎ እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ሁለት ዓመት።"

"ከሁለቱ ዓመት በኋላስ?"

ዶክተር አድማሱ ወረቀቱን በትሕትና ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት። "ሜዳው ጥሩ ቦታ ነው ይላሉ" አሉ።

ወይዘሮ ሶሊያና ፈረሙ። ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የኢክራም እጅ ማረፊያ ያገኛል። ቤት ሲገቡ ግን ለወይዘሮ ኢክራም የነገሯቸው "መድኃኒት ሊጨምሩልኝ ነው" ብለው ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በራቸው ተንኳኳ። የሺመቤት ነበረች። ከአሥራ ሰባት ፎቅ በኋላ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ወንበር ላይ ወደቀችና ለረጅም ጊዜ እጇን ብቻ እያወዛወዘች ተቀመጠች።

"አይዞሽ፣ ተንፍሺ" አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። "እግራችሁ ሳይታደስ ሰው ቤት መሄድ ምን አስቸኮላችሁ?" ውሃ ሰጧት። ዳቦና የተልባ ወጥ አቀረቡላት።

የሺመቤት ቆረሰች፤ ግን አልጎረሰችም። "እማማ፣ አብረውኝ ይብሉ እንጂ። ብቻዬን?"

"ብዪ የኔ ልጅ። እኔ እደርስበታለሁ።"

የሺመቤት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ ወይዘሮ ሶሊያናን አየች። "ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ነው የሚደርሱበት?"

ወይዘሮ ሶሊያና የዳቦውን ፍርፋሪ በጣታቸው መልቀም ጀመሩ።

"ደምዎን ሦስት ጊዜ መረመርኩት" አለች የሺመቤት። "ኬቶን የሚሉት ነገር ሞልቶበታል፤ ቁርስ ምሳ የሚበላ ሰው ደም እንዲህ አይሆንም። መጀመሪያ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ስንት ቀንዎ ነው?"

"ከምኑ?"

"ከሚያውቁት።"

ያን ጊዜ ግድግዳው ተናገረ፤ ቀጭን ግድግዳ ነበርና። "ሠላሳ አንድ ቀኗ ነው ልጄ" አለ የወይዘሮ ኢክራም ድምፅ። "እሷን መጠየቅ ድንጋይን መጠየቅ ነው። በየዓመቱ ሃምሳ አምስቱንም ቀን ትጾማለች፤ ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታውን፣ ነቢያቱን ሳልቆጥርልሽ።"

"ኢክራም፣ ሰው ቤት ገብተሽ አትዳኚ።"

"ቤቴ ነው ያለሁት። ጆሮዬ ነው የገባው።"

የሺመቤት መዳፏ ላይ የያዘችውን ስክሪን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ድካሟ ጠፍቶ፣ ፊቷ ላይ የቀረው ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። "ሞተዋል ብለን ነበር እኮ" አለች። "አልሞቱም። ጾሙ ከተራው እንቅልፍ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ አውርዷቸዋል። እንዲህ የተኛ ሕዋስ ቢርበው፣ ቢቀዘቅዘው፣ ብንመርዘው እንኳ አይሞትም። አሥር ዓመት ስቀሰቅስ በመጽሐፍ ካልሆነ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ በአርባ ዓመት ሴት ጭን ውስጥ የማገኘውን ያህል ናቸው። አንዷ እንኳ አልባከነችም።"

ወይዘሮ ሶሊያና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከረጃጅሞቹ ክሮች ጎን የተለጠፉ ጥቃቅን የስንዴ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ታዩአቸው። ከሰባ አራት ዓመት በኋላ ከገዛ ጭናቸው ጋር መተዋወቃቸው ነበር።

"ምን ብለው ነው እንዲህ የሚተኙት?" አሉ ቀስ ብለው።

"ብቻቸውን አይደለም የሚተኙት። እያንዳንዱ ጎኑ ያለውን ክር ይነካል። ክሩም በነካው ቦታ ምልክት ይሰጠዋል፤ 'ገና ነው፣ ተኛ' እንደ ማለት ነው። ክሩ ሲሰነጠቅ ምልክቱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ይነቃል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጎበዙ ሕዋስ ተመልሶ የጎረቤቱን ግድግዳ ይፈልጋል። ነገ ድርቡን ከወሰዱ ይህ ሁሉ ያበቃል። ሁሉንም ጎትተን እናስነሳቸዋለን። ሰባ ዓመት የጠበቁትን በሁለት ዓመት እንጨርሰዋለን።"

"ታዲያ ጾሙን ልተው ነው የምትዪኝ?"

"እንዲያ አልልዎትም። ቢበሉ ይነቃሉ፤ እሱ እውነት ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። መዝገቡ ላይ ጾመኛ ነዎት ቢል ኖሮ እድሳትዎ ከፋሲካ በኋላ ይቆጠር ነበር። መዝገቡን ማስተካከል ነው።"

"አስተካክዪው እንጂ።"

"ደሙ ይናገራል፤ ሕጉ ግን የደም ምስክርነት አይቀበልም። በሰው ቃል የተመዘገበ በሰው ቃል ብቻ ነው የሚቀየረው። ሆሳዕና ሳይገባ የጣቢያው ጉባኤ ፊት ይቀርባሉ። ጥያቄውን ያነቡልዎታል። 'አዎ፣ ጾመኛ ነኝ' ይላሉ። አለቀ።"

ወይዘሮ ሶሊያና እንደገና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "ሌላ ቃል የለውም?" አሉ።

"የለውም እማማ። በተጠየቀበት ቃል ነው የሚመለሰው።"

ግድግዳው ሳቀ።

የሐሙሱ ተራ ተሰረዘ። ጉባኤው ለረቡዕ፣ ለኒቆዲሞስ ሳምንት ተቀጠረ፤ የደረጃው ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ጉባኤው እምቢ ካለ ቅዳሜ ይፈተናሉ፤ ቅዳሜ ከተፈተኑም ሰኞ ሜዳው ናቸው። የሜዳው ቤት ቁጥር ከወዲሁ በደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ መቶ አርባ ሁለት፤ ጓሮው የሎሚ ዛፍ አለው ይላል ደብዳቤው።

የጉባኤው ዕለት ሁለቱ ሴቶች ደረጃውን ሲወርዱ ወይዘሮ ኢክራም ከኋላ ሆነው ያለማምዷቸው ነበር። እሳቸው ዒዳቸውን በልተዋል፤ ድምፃቸው ጠግቧል።

"በዪ እስቲ፣ ጾመኛ ነኝ።"

"ጾ…"

"እንዲያ ነው። ቀጥዪ።"

"አፌ እምቢ አለኝ።"

"መስረቅ አልተባልሽ፣ መሳደብ አልተባልሽ።"

"መሳደቡ ይቀለኝ ነበር። አያቴ ሰምታኝ ቢሆን…"

"አያትሽ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ኖራ ታውቃለች? በዪ ዝም ብለሽ።"

ጉባኤው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ዶክተር አድማሱ ናቸው። የሺመቤት ጥግ ላይ ቆማለች። ሣጥኑ መሐል ላይ ተቀምጦ መብራቱን አብርቷል።

"ወይዘሮ ሶሊያና፣ ዘጠነኛውን ጥያቄ በድጋሚ አነብልዎታለሁ" አሉ ዶክተር አድማሱ። "ጾመኛ ነዎት?"

ወይዘሮ ሶሊያና ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። "እንደ ሰው ነኝ" አሉ።

ሣጥኑ "ምላሹ አልተለየም" አለ።

"አዎ ወይም አይደለሁም ቢሉን" አሉ ዶክተሩ። "ጾመኛ ነዎት?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

"ምላሹ አልተለየም።"

የሺመቤት ዓይኗን ጨፈነች። ዶክተር አድማሱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፤ ሰዓታቸውን አዩ። "ለመጨረሻ ጊዜ ነው ወይዘሮ ሶሊያና። ከዚህ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። ጾመኛ ነዎት?"

ወይዘሮ ሶሊያና የሎሚውን ዛፍ አሰቡ። ማንም የማያንኳኳበት ግድግዳ አሰቡ። ጠዋት በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ባዶ አየር የምትዘረጋዋን ሴት አሰቡ። እንባቸው ሞላ። "ኧረ እኔ…" ብለው ቀሩ።

ከኋላ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ወይዘሮ ኢክራም ተነሥተው፣ በእጃቸው አየሩን እየዳሰሱ፣ ወደ ሣጥኑ አቅጣጫ ሄዱ። "የትኛው ነው የሚሰማው?" አሉ። የሺመቤት እጃቸውን ይዛ ሣጥኑ ላይ አኖረችላቸው።

"እናቴ፣ የባለቤቷ ቃል ነው የሚያስፈልገው" አሉ ዶክተር አድማሱ። "ግድግዳ የሚጋራ ሰው መመስከር የሚችለው ባለቤቱ መናገር ሲሳነው ነው። ሕጉ ለዲዳና ለበሽተኛ የወጣ ነው። ወይዘሮ ሶሊያና ዲዳ አይደሉም።"

"በዚች ቃል ዲዳ ናት። ሦስት ጊዜ ጠየቅሃት፤ ሰማህ አይደል ልጄ?"

ከጉባኤተኞቹ አንዱ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ።

"እኔ የእሷ ሃይማኖት ሰው አይደለሁም" አሉ ወይዘሮ ኢክራም ለሣጥኑ። "ስለ ጾሟ ምሥጢር አልነገረችኝም፤ አሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አልነገረችኝም። ዓይኔም አያይም። ግን ግድግዳችን ቀጭን ነው። በእነሱ ሑዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከዚያ ቤት የማንኪያ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የብርጭቆ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲመጣባት ታበላለች፤ የአንድ ሰው ማኘክ ብቻ ነው የሚሰማው። ታማ በተኛችበት ዓመት እንኳ ሾርባ ይዤላት ሄድኩ፤ 'አስቀምጪው፣ እደርስበታለሁ' አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንኪያው ተሰማ። ስለዚህ ጻፍ፤ ሶሊያና ክንፈ ጾመኛ ናት። አያት ቅድመ አያቷ ያልሰሙትን ቃል እኔ ብዬላታለሁ።"

የሣጥኑ መብራት ብልጭ አለ። ሣጥኑም "ተመዝግቧል" አለ።

ዶክተር አድማሱ ወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ። ሲፈርሙ፣ ለማንም ሳይሆን "እናቴም 'እደርስበታለሁ' ነበር የምትለው" አሉ። አዲሱ ፈተና ከፋሲካ በኋላ በአርባኛው ቀን ተቀጠረ።

የፋሲካ ዕለት ወይዘሮ ኢክራም አንድ ትሪ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ማሰሮ እርጎ ይዘው መጡ። ሥጋ ሥጋቸው ለየብቻ ነው፤ እንቁላል ግን የሁለቱም ነው፤ በአሥራ አራት ዓመት ጉርብትና የፋሲካና የዒድ ድንበራቸው እንቁላል ሆኖ ኖሯል። "ብዪ" አሉ። "ለእነዚያ እንቅልፋሞችሽ ነው።"

በአምስተኛው ቀን ተኚዎቹ ነቁ። የሺመቤት ምስሉን ለማየት በየቀኑ ትመጣ ነበር፤ በሥራ ሰዓቷ ሳይሆን ከሥራ በኋላ፤ ማየት ብቻ ስለፈለገች። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ አበጡ፤ ተከፈሉ፤ ተሰለፉ። በመዘግየታቸው የቸኮሉ አይመስሉም ነበር። እንደ ጥሩ የደቦ ሰዎች ስንጥቁን ከዳር ጀምረው ሞሉት። በሃያኛው ቀን ጭናቸው ላይ ከተፈጠሩት ክሮች አንዱን ለይታ በጣቷ እያሳየቻቸው "ይህን ይመልከቱ እስቲ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቤተ መቅደስ የገባ ሰው ዝግታ ነበር። ወይዘሮ ሶሊያና ያዩት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ያም ሆኖ አደነቁት፤ በሰባ አራት ዓመት እርሻ ላይ የበቀለ አዲስ ቡቃያ ነውና።

አርባኛው ቀን ዕርገት ሆነ። "ቀኑንስ አውቀው ነው የቀጠሩሽ" አሉ ወይዘሮ ኢክራም፤ የጎረቤታቸውን በዓላት ከራሳቸው እኩል ያውቃሉ። እሳቸው ላይ ቀርተው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። የሺመቤት ቀድማ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ሰዓት ይዛ ከጎናቸው ቆመች።

ወይዘሮ ሶሊያና ከምድር ተነሡ። የመጀመሪያዎቹን አራት ፎቆች በጥንቃቄ ወጡ። ከአምስተኛው በኋላ እግራቸው ራሱ ይወስዳቸው ጀመር፤ ጦሳን በቀያሽ ዘንግ ሲለኩ የነበረው እግር ተመልሶ የመጣ መሰላቸው። ወጣቶቹ ግድግዳ ተደገፉላቸው።

ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ አቶ ናሆም ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ፉጨት የለም። ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

"ጫማዬን ላስር ብዬ ነው እትዬ ሶሊያና" አሉ። "ይለፉ፣ ይለፉ።"

ወይዘሮ ሶሊያና ወደ ታች አዩ። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ሰዓቱ እየሄደ ነበርና መቆም አልቻሉም፤ ሲያልፉ ግን ትከሻቸውን ያዝ አደረጓቸው። "ጠብቀኝ ናሆም" አሉ። "ሰዓቱ ሲቆም ተመልሼ እመጣለሁ። አብረን እንወጣለን።"

አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ ኢክራም ጆሯቸውን ወደ ደረጃው አዘንብለው ነበር። "መጣች" አሉ፤ የሺመቤት ገና ምንም ሳይታያት። "ግራ እግሯን አታነክስም። ስንት ነው?"

"ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ" አለች የሺመቤት።

"ዘገየሽ" አሉ ወይዘሮ ኢክራም፤ እጃቸውን ዘርግተው የጎረቤታቸውን ትከሻ ፈልገው አገኙት፤ አልለቀቁትምም።

"ተኝተው ነበር እኮ" አሉ ወይዘሮ ሶሊያና።

"አሁንስ?"

"ሥራቸውን ጨርሰው ግማሾቹ ተመልሰው ተኝተዋል ትላለች ይቺ።"

"ግሩም ናቸው" አሉ ወይዘሮ ኢክራም።

"ጥያቄውም ተቀይሯል" አለች የሺመቤት። "ከመጪው ዓመት ጀምሮ 'ዛሬ ቁርስ በሉ?' ነው የሚለው።"

"ይኼስ ይመለሳል" ብለው ወይዘሮ ሶሊያና ወደ ዘጠነኛው ፎቅ መውረድ ጀመሩ። አቶ ናሆምን እስከ ቤታቸው ለማድረስ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። በየመታጠፊያው ተቀመጡ፤ አቶ ናሆምም በየመታጠፊያው ስለ ጫማው አወሩ፤ ወይዘሮ ሶሊያናም በየመታጠፊያው አመኗቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ ሶሊያና ዓይናቸውን ሲገልጡ ፀሐይ እግራቸው ሥር ደርሳለች። ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ነው። ግድግዳው አልተንኳኳም፤ በአሥራ አራት ዓመት ይህ ሆኖ አያውቅም። ደንግጠው ተነሡና በጡጫቸው መቱት።

"ኢክራም፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ" አለ ግድግዳው። "ከነጋ ጀምሮ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማሻለሁ። ትንፋሽሽ ደስ ሲል። ደክሞሻል፤ ገና ነው ብዬ ተውኩሽ።"